የእንግዳ ማረፊያ ሥራ በጅቡቲ ከተማ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ምግብ፣ ሁለተኛው ማደሪያ ነው። በቀድሞ ጊዜ መንገደኛ በመሸበት መንደር ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ቢል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ብሎ ይቀበለው ነበር። እግሩ ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀርብለታል፤ መደብ ይነጠፍለታል። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው ዋጋ አልነበረም። ንግድና መጓጓዣ እየተስፋፋ፣ ከተሞችም እየሰፉ ሲሄዱ ግን በየቀኑ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ በዚህ ዓይነት ማስተናገድ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ እንግዳን በክፍያ የሚያሳድሩ ቤቶች ተከፈቱ። እነዚህም ቤቶች እንደ ስፋታቸውና እንደ አገልግሎታቸው ሆቴል፣ ፔንሲዮን፣ አልቤርጎ ወይም የእንግዳ ማረፊያ እየተባሉ ይጠራሉ።

የእንግዳ ማረፊያ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። ጥቂት ክፍሎች፣ በየክፍሉ አንድ አልጋ፣ በበሩ ላይ አንድ ቁልፍ፤ ከዚህ በኋላ ገንዘብ መቀበል ብቻ የቀረ ይመስላል። ነገር ግን የሥራው ክብደት የሚታወቀው ውስጡ ሲገቡ ነው። በተለይም እንደ ጅቡቲ ባለ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚገኝ ማረፊያ በደጋ አገር ካለው ይልቅ ብዙ ችግር አለበት። በዚህ ምንባብ ውስጥ በጅቡቲ ከተማ፣ በማዕከላዊው ገበያ አካባቢ የሚሠራ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ በየቀኑ ምን እንደሚገጥመውና ችግሩን እንዴት እንደሚወጣው ይገለጣል።

የጅቡቲ ከተማ ታሪክ ከመንገደኞች ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ፈረንሳዮች ከተማይቱን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የግዛታቸው ዋና ከተማ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህ ወደብ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለ ነበረ ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኞችም ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድሩ ነበር። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የሚገኘው «ቡፌ ዳዋሽ» የተባለው ማረፊያ የዚያን ዘመን ጉዞ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ሐዲድ በተዘረጋበት ሁሉ አልጋም አብሮ መዘርጋት እንዳለበት ነው።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻነቷን አገኘች። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1998 ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በአሮጌው ሐዲድ ፈንታ የተሠራው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ አዲስ ባቡርም እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። የዚህ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ በተባለው ሥፍራ ይገኛል። እንግዳው በባቡር ቢመጣ ከናጋድ፣ በአውሮፕላን ቢመጣ ከአምቡሊ፣ በመኪና ቢመጣ ከደረቁ ምድር አቋርጦ ወደ መሐል ከተማ ይገባል።

ማዕከላዊው ገበያ የሚገኘው በቀድሞው የአውሮፓውያን ሠፈርና በአገሬው ሕዝብ ሠፈሮች መካከል ነው። በአጠገቡ ያለው አደባባይ ቀድሞ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርቱር ራምቦ ስም ይጠራ ነበር፤ ራምቦ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሐረር ከተማ ተቀምጦ የነገደ ሰው ነው። ኋላ ግን አደባባዩ ለጅቡቲ ነጻነት በታገለው በመሐሙድ ሐርቢ ስም ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ከነሚናሬቱ ከገበያው በላይ ጎልቶ ይታያል። ከመስጊዱ ሥር ሚኒባሶች ይሰለፋሉ፤ ሴቶች ከኢትዮጵያ የመጣ አትክልትና ፍራፍሬ በየመደባቸው ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ጨርቅ ሻጮች፣ ገንዘብ መንዛሪዎች፣ ሻይ አፍዪዎች በየማዕዘኑ ተቀምጠው ይሠራሉ። ሱማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በአንድ መደብ ፊት ሲነገሩ መስማት የተለመደ ነው።

በዚህ አካባቢ ለማደር የሚመጣው ሰው ልዩ ልዩ ነው። ዕቃው ከመርከብ እስኪወርድለት የሚጠብቅ ነጋዴ አለ፤ የጉምሩክ ወረቀት የሚያስፈጽም ጉዳይ አስፈጻሚ አለ፤ ለሕክምና ወይም ለዘመድ ጥየቃ ከገጠር የመጣ ቤተሰብ አለ፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳል ሐይቅ ወይም በቅዝቃዜው ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታዩትን ግዙፍ የዓሣ ነባሪ ሻርኮች ለማየት የመጣ አገር ጎብኚም አለ። አንዱ እንግዳ ርካሽ አልጋ ይፈልጋል፤ ሌላው ጸጥታ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ሥፍራ ይፈልጋል። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሌሊቱን በሰላም ተኝተው ማደር ነው። ስለዚህ የማረፊያው ባለቤት የሚሸጠው አልጋ ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ ነው ማለት ይቻላል።

በጅቡቲ እንቅልፍን ውድ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር ሙቀት ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት አየሩ ለዘብ ያለ ሲሆን፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ በሌሊትም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እምብዛም የማይወርድበት ጊዜ አለ። በዚህ ወቅት ኻምሲን የተባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስ ከየብስ ይነፍሳል። ለአዲስ አበባ ሰው ብርድ ልብስ ማቅረብ ደግነት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለጅቡቲ እንግዳ ቀዝቃዛ አየር ማቅረብ ደግነት ነው። ልዩነቱ ብርድ ልብስ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ሲያገለግል፣ ቀዝቃዛ አየር ግን በየሰዓቱ የሚገዛ መሆኑ ላይ ነው።

የቀድሞ ግንበኞች ይህን ችግር ያለ ኤሌክትሪክ ለማቃለል ሞክረዋል። በመሐል ከተማ የሚገኙት አሮጌ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ጣራቸው ከፍ ያለ ነው፤ ውጭያቸው በኖራ ነጭ ተደርጎ ይቀባል፤ ፊት ለፊታቸው በቅስት የተሠራ በረንዳ አላቸው። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ነጩ ቀለም የፀሐይን ጨረር ይመልሳል፤ በረንዳው ጥላ ይሆናል፤ ከፍ ያለው ጣራ ደግሞ ሞቃቱ አየር ከሰው ራስ በላይ እንዲወጣ ያደርጋል። ጥበብ ያለው ባለ ማረፊያ ዛሬም ይህን ትምህርት አይረሳም። ከረፋዱ ጀምሮ መስኮቶቹን ይዘጋል፤ የእንጨት መከለያዎቹን ያወርዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሁሉንም ከፍቶ ቤቱን ያናፍሳል።

ይሁን እንጂ በበጋው ወራት ይህ ብቻውን አይበቃም። የነፋስ ማራገቢያና የአየር ማቀዝቀዣ የግድ ያስፈልጋሉ። በመሣሪያዎቹ መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ማራገቢያ አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ የሚፈጀውም ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው። ማቀዝቀዣ ሙቀቱን ከክፍሉ ውስጥ አውጥቶ ወደ ደጅ የሚጥል መሣሪያ ስለ ሆነ ከማራገቢያው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። እንግዳው በሩን ከፍቶ፣ ማቀዝቀዣውን አብርቶ ወደ ገበያ ቢሄድ ቆጣሪው መሮጡን አያቆምም። በዚህ ምክንያት በብዙ ማረፊያዎች ሁለት ዓይነት ክፍል ይገኛል፤ አንደኛው ባለ ማራገቢያ፣ ሁለተኛው ባለ ማቀዝቀዣ ነው፤ ዋጋቸውም ይለያያል።

ጅቡቲ ኤሌክትሪኳን ለብዙ ዓመታት ታገኝ የነበረው በነዳጅ ከሚሠሩ ጣቢያዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኢትዮጵያ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ከጀመረ በኋላ ከኢትዮጵያ ወንዞች የሚመነጨው ኀይል በከተማይቱ መብራቶችና ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይሠራል። ቢሆንም ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ሁሉም ማቀዝቀዣውን በአንድ ጊዜ ስለሚያበራ ፍላጎቱ ከፍ ይላል፤ መብራትም ሊቋረጥ ይችላል። መብራት በእኩለ ሌሊት ሲጠፋ እንግዳው በላብ ተጠምቆ ይነቃል። ማረፊያው ጄኔሬተር ካለው ባለቤቱ ነዳጁንና የሞተሩን ድምፅ መታገሥ አለበት፤ ከሌለውም የእንግዳውን ወቀሳ መታገሥ አለበት። በዚህ ላይ ጨው ያዘለው የባሕር አየር ብረትን ቶሎ ስለሚያዝግ ማቀዝቀዣዎቹ፣ የመስኮት ማጠፊያዎቹና የቧንቧ ጫፎቹ በደጋ አገር ከሚቆዩበት ባነሰ ጊዜ ያረጃሉ። ጠጋኝ የማይጠራበት ወር ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ውኃ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ሲዘንብ፣ በጅቡቲ ከተማ ግን በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ከተማይቱ ለረጅም ዘመን የኖረችው ከጉድጓድ በሚወጣ ውኃ ሲሆን፣ ውኃው እየተቀዳ ሲሄድ ጨዋማነቱ እየጨመረ መጣ። ይህንንም ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2017 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሐዳጋላ አካባቢ የተሳበ የውኃ ቧንቧ ተመረቀ፤ በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውኃ ጨው እያጣራ የሚያወጣ ጣቢያ ተከፈተ። ያም ሆኖ ቧንቧው የሚደርቅበት ቀን ስላለ ውኃ አጠራቅሞ ማስቀመጥ የእያንዳንዱ ቤት ልማድ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ማረፊያ 12 እንግዶች አሉት እንበል። እያንዳንዱ እንግዳ ለመታጠቢያና ለልዩ ልዩ አገልግሎት በቀን 60 ሊትር ቢፈጅ በጠቅላላው 720 ሊትር ይሆናል። በጣራው ላይ ያለው ማጠራቀሚያ 2,000 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ቧንቧው በተቋረጠ በሦስተኛው ቀን ውኃው ያልቃል። በዚህ ስሌት ውስጥ የአንሶላና የፎጣ እጥበት ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ባለቤቱ በየጠዋቱ ወደ ጣራ ወጥቶ ማጠራቀሚያውን ማየት ግዴታው ነው። ሌላም ነገር አለ። ማጠራቀሚያው በፀሐይ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ውኃው በቀትር ስለሚፈላ ለገላ አይሆንም። ቀዝቃዛ ውኃ የሚፈልግ እንግዳ ማለዳ መታጠብ እንዳለበት አስቀድሞ ቢነገረው መልካም ነው፤ ማጠራቀሚያውን በዳስ ጥላ ሥር ማድረግ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነው።

ውኃ ማጠራቀም ግን በራሱ አደጋ አለው። ከእስያና ከዐረብ ምድር የመጣ «አኖፊለስ ስቴፈንሲ» የተባለ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ታየ፤ በአፍሪካ ምድር ሲታይም ይህ የመጀመሪያው ነበር። በአፍሪካ የታወቁት የወባ ትንኞች በአብዛኛው በገጠር ኩሬዎችና ረግረጎች ውስጥ የሚራቡ ሲሆኑ፣ ይህኛው ትንኝ ግን በከተማ መካከል፣ በንጹሕ ውኃ፣ በበርሜልና በማጠራቀሚያ ውስጥ ይራባል። በዚያው በ2012 በጅቡቲ የተመዘገቡት የወባ ሕመምተኞች 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ግን ከ73 ሺህ በላይ ሆኑ። ትንኙ በ2016 በኢትዮጵያም ታይቷል፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆኗል።

እንግዲህ ባለ ማረፊያው በሁለት ችግሮች መካከል ይቆማል። ውኃ ባያጠራቅም እንግዳው ይጠማል፤ አጠራቅሞ ባይከድን ደግሞ እንግዳው ይታመማል። መፍትሔው ከባድ ባይሆንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማጠራቀሚያው ሁሉ ቀዳዳ በሌለው ክዳን መዘጋት አለበት፤ የአየር ማስገቢያውም በወንፊት መሸፈን ይኖርበታል፤ ከማቀዝቀዣዎች ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚቀበሉት ባልዲዎች በየቀኑ መደፋት አለባቸው፤ በየአልጋው ላይ ያልተቀደደ አጎበር መሰቀል አለበት። አንድ ያልተከደነ በርሜል በአንድ ማረፊያ ብቻ የሚቀር ጉዳት አያመጣም። ከእርሱ የወጣው ትንኝ የጎረቤቱንም ልጅ ይነድፋል። ትኩሳት ይዞት ወደ አገሩ የተመለሰ መንገደኛም ሕመሙን ይዞ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ የአንድ ማረፊያ ንጽሕና የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሊባል አይችልም።

የማረፊያው የዕለት ሥራ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ከሐሙዲ መስጊድ የሚሰማው የንጋት አዛን ሠፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ማልደው የሚጓዙ እንግዶች ሒሳባቸውን ዘግተው ቁልፍ ያስረክባሉ። ሠራተኞቹም የተለቀቁትን ክፍሎች ይረከባሉ። አንሶላና የትራስ ልብስ ይወልቃል፤ ፍራሽ ተገልብጦ ስፌቱ ውስጥ ትኋን እንዳይኖር ይታያል፤ ወለሉ ይወለወላል፤ በረሮ እንዳይገባ የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ማስወገጃ ይከደናል። የታጠበው አንሶላ በጣራ ላይ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይደርቃል፤ ነገር ግን ኻምሲን ሲነሣ በአቧራ ስለሚሞላ ቶሎ መሰብሰብ አለበት። ለዚህ ሁሉ የሚመቸው ጊዜ ፀሐይ ሳትበረታ ነው።

ወደ ቀትር ሲቃረብ የከተማይቱ እንቅስቃሴ ይቀየራል። ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሰው ወደየቤቱ ይገባል። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ይደርሳል፤ በገበያው አካባቢ የሚቀመጡ ሻጭ ሴቶችም እርጥብ ጆንያ አልብሰው ይሸጡታል። እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከተማው ጸጥ ይላል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ጉዳዩን ለከሰዓት በኋላ ቀጥሮ በተዘጋ በር ፊት ይቆማል። አስተዋይ ባለ ማረፊያ ግን «ጉዳይዎን ከቀትር በፊት ይጨርሱ» ብሎ አስቀድሞ ይመክራል። ዓርብ የዕረፍት ቀን መሆኑንም አይዘነጋም። ምክር ገንዘብ አያስወጣም፤ እንግዳውን ግን ከአንድ ቀን ኪሳራ ያድነዋል።

ከኢትዮጵያ ለሚመጣው እንግዳ ሌላው የስሕተት ምንጭ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያዊው «ነገ በ12 ሰዓት ቀስቅሱኝ» ሲል የሚያስበው ንጋትን ነው። በጅቡቲ መሥሪያ ቤቶች ግን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለ ሆነ 12 ሰዓት ማለት ቀትር ነው። ሠራተኛው ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ በቀትር ቢቀሰቅሰው ባቡሩ ሄዷል። እንዲሁም አንድ ነጋዴ በስልክ «ለመስከረም 1 ክፍል ያዙልኝ» ቢልና ተቀባዩ በፈረንጆች አቆጣጠር ቢመዘግበው አሥር ቀን ያህል ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ በእንግዳ መዝገብ ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ፣ ሰዓቱም «ጠዋት» ወይም «ከቀትር በኋላ» ተብሎ ቢለይ ጠብ ይቀራል።

በምግብ ረገድም ማረፊያው ልዩ ልዩ ልማዶችን ማወቅ ይኖርበታል። ለቁርስ የፈረንሳይ ዳቦ ወይም ላሆህ የተባለው፣ ከእንጀራ ጋር የሚመሳሰል ስስ ቂጣ ከሻይ ጋር ይቀርባል። ለምሳ ሩዝ ከበግ ሥጋ ጋር፣ ወይም በየመኖች ዘዴ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከአካባቢው ምግብ ቤቶች ይመጣል። በረመዳን ወር ቀን ምግብ አይቀርብም ለማለት ይቻላል፤ ሥራው ሁሉ ወደ ሌሊት ይዛወራል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ የሆነው እንግዳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ይህን ጠይቆ የሚያውቅ ማረፊያ እንግዳው ሳይናገር አክብሮታል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ምንዛሪው ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተቆራኘ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከ70 ሳንቲም ያህል ይመነዘራል። አገሪቱ ምግቧንና ሸቀጧን በአብዛኛው ከውጭ ስለምታስገባ ኑሮው ውድ ነው። የማረፊያ ሥራ ትርፍና ኪሳራ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። አንድ ማረፊያ 8 ክፍሎች አሉት እንበል። በወር 30 ሌሊት ቢቆጠር በጠቅላላው 240 የክፍል ሌሊቶች ይኖሩታል። የአንድ ሌሊት ዋጋ 6,000 ፍራንክ፣ የቤት ኪራይ፣ የደመወዝና የመሳሰለው ቋሚ ወጪ በወር 500,000 ፍራንክ ይሁን። በቀዝቃዛው ወር 200 የክፍል ሌሊት ቢከራይ ገቢው 1,200,000 ፍራንክ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሌሊት ለውኃ፣ ለኤሌክትሪክና ለእጥበት 1,500 ፍራንክ ቢወጣ ጠቅላላው 300,000 ነው። ስለዚህ ባለቤቱ 400,000 ፍራንክ ያተርፋል።

በሐምሌ ግን ነገሩ ይለወጣል። አገር ጎብኚዎች አይመጡም፤ አቅም ያላቸው የከተማው ነዋሪዎችም ሙቀቱን ሽሽት ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞችና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄዳሉ። የተከራየው የክፍል ሌሊት 80 ብቻ ቢሆን ገቢው 480,000 ፍራንክ ነው። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ የአንዱ ሌሊት ወጪ ወደ 2,500 ፍራንክ ቢያድግ ጠቅላላው 200,000 ይሆናል። ቋሚው ወጪ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ 220,000 ፍራንክ ይጎድላል። ሙቀቱ አምስት ወር ስለሚቆይ ጉድለቱ ተደምሮ 1,100,000 ፍራንክ ይደርሳል፤ ይህም የሦስት መልካም ወራትን ትርፍ ሊበላ ምንም አይቀረውም። በታኅሣሥና በጥር ያገኘውን ትርፍ ሁሉ አውጥቶ የጨረሰ ባለ ማረፊያ ሐምሌን አይሻገርም። በዚህ ሥራ ብዙዎች የሚወድቁት እንግዳ አጥተው ሳይሆን፣ እንግዳ በበዛበት ወቅት የባዶውን ወቅት ስለሚረሱ ነው።

ጉድለቱን ለመሙላት አንዳንዱ በአቋራጭ ለመሄድ ይፈተናል። ማቀዝቀዣ ያለው ብሎ ያከራየውን ክፍል በሌሊት ከውጭ ያጠፋል፤ በመግቢያ ያልተነገረ ሒሳብ በመውጫ ይጨምራል፤ ያልታጠበ አንሶላ ገልብጦ ያነጥፋል። ይህ ለአንድ ቀን ገንዘብ ያድን ይሆናል። ሆኖም ነጋዴዎች በአንድ የጭነት መኪና፣ በአንድ የባቡር ወንበር አብረው ይጓዛሉ፤ የማረፊያ ስምም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ታማኝ ማረፊያ ሥራውን የሚጀምረው ከበሩ ላይ ነው። ለምሳሌ በበጋ ወር አንዲት ነጋዴ እናት ዕቃቸውን አስይዘው ከደጅ ቆመው እንዲህ ይላሉ እንበል።

«ቤቶች! አልጋ ይኖራል?»

«አለ እናቴ፤ ይግቡ፤ ከፀሐዩ ይረፉ። አስቀድመው ክፍሎቹን ይዩዋቸው።»

«ዋጋው እንዴት ነው ልጄ?»

«ባለ ማራገቢያው ይቀንሳል፤ ባለ ማቀዝቀዣው ይጨምራል፤ ዋጋው ከግድግዳው ላይ ተጽፏል። ነገር ግን መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተራችን ማራገቢያውን ያዞራል እንጂ ማቀዝቀዣውን አይችልም። ይህን አውቀው ይምረጡ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ባለ ማረፊያው ጉድለቱን አልደበቀም። እንግዳዋ ርካሹን ክፍል ሊመርጡ ይችላሉ፤ በዚህም ጥቂት ፍራንክ ይቀርበታል። በሌሊት መብራት ቢጠፋ ግን አስቀድሞ የተነገራቸውን ነገር ስለሚያውቁ ተታለልሁ አይሉም፤ በሚቀጥለው ጉዟቸውም ወደዚያው ቤት ይመለሳሉ።

ከዕለታዊው ችግር ሌላ ድንገተኛ አደጋም አለ። ዝናብ ብርቅ በሆነበት በዚህ ከተማ፣ ሲዘንብ ደግሞ ከመጠን በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሰዎችን ገድሏል፤ በኅዳር 2019 ደግሞ ከአንድ ዓመት ዝናብ የሚበልጥ ውኃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወርዶ ሠፈሮችን አጥለቅልቋል። ከተማው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማይል ጎርፉ ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለ ማረፊያ የእንግዳ መዝገቡን፣ የእንግዶቹን የአደራ ዕቃና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹን ከወለል ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፤ በምድር ቤት የተኙትንም ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣበትን መንገድ አስቀድሞ ያውቃል። ጎርፉ ሲያልፍም በየጓሮው የቀረውን ውኃ ሳይውል ሳያድር ይደፋል፤ ትንኙ የሚጠብቀው ይህን ውኃ ነውና።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ይህ አነጋገር በዘመድ ቤት ለሚያድር እንግዳ ይሠራ ይሆናል። በማረፊያ ሥራ ግን በሦስተኛውም ቀን እንግዳው ወርቅ ሆኖ መታየት አለበት። የመጀመሪያው ቀን አንሶላ ንጹሕ ከሆነ የሦስተኛውም ንጹሕ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ሞቅ ያለ ከሆነ የሦስተኛውም እንዲሁ። ይህን ለመፈጸም የባለቤቱ ትጋት ብቻውን አይበቃም። ጣራ ላይ ወጥታ ማጠራቀሚያውን የምትከድነው፣ በቀትር ሙቀት ወለሉን የምትወለውለው፣ በሌሊት በሩን የምትከፍተው ሠራተኛ ድካም ከሁሉ በላይ ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። እንግዳን የሚያከብር ቤት ደመወዛቸውን በወቅቱ በመክፈል፣ ለእነርሱም በቂ ውኃና ነፋስ ያለው ማደሪያ በመስጠት እነርሱንም ማክበር ይገባዋል።

በጠቅላላው ሲታይ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ከሙቀት፣ ከውኃ እጥረት፣ ከበሽታና ከባዶ ወቅት ጋር የሚደረግ የዘወትር ትግል ነው። በትግሉም የሚያሸንፈው ብዙ ክፍል ያለው ቤት ሳይሆን፣ ውኃውን ከድኖ የሚያስቀምጥ፣ የጥርን ትርፍ ለሐምሌ የሚያቆይ፣ ያለውንና የሌለውን በግልጽ የሚናገር ቤት ነው። በማዕከላዊው ገበያ ማታ ሱቆቹ ተዘግተው ሚኒባሶቹ ሲሄዱ፣ በየማረፊያው በር ላይ ያለው መብራት ይበራል። ያን መብራት አይቶ የሚገባው መንገደኛ የቤቱን ሒሳብና ድካም አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። እርሱ የሚያውቀው ጠዋት ሲነሣ በደኅና ማደሩን ብቻ ነው።